የበቆጂ ዝንብ ለምን ጠቆረች? ከአዳማ የተገኘ አንድ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አለ። ክበቡን የሚመራው የባዮሎጂ መምህር የቆየ ወዳጄ ነው፤ የላብ ነገር ሲቸግረው ይደውልልኛል። የሰዎቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም እዘለዋለሁ። ጉዳዩ ግን ከነዝርዝሩ ቢመዘገብ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ነገሩ የጀመረው ከክበቡ አባላት አንዷ ለመስቀል በቆጂ ቤተሰቦቿ ጋ ደርሳ ስትመለስ ነው። ልጅቷ አዳማ የምትማረው አክስቷ ቤት ሆና ነው። በቆጂ ጠላ ቤት ውስጥ ያየቻቸው ትንንሽ ዝንቦች አዳማ ጁስ ቤት ከምታያቸው ጠቆር ያሉ መሰሏት። ጥቂቱን በብልቃጥ ይዛ መጣች። መምህሩ የሁለቱን ከተማ ዝንቦች ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ልዩነቱ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። የበቆጂዎቹ ሆድ ጥቁር ነው፤ ገላቸውም ገዘፍ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ፖስተር ለመሥራት ጊዜ አልፈጀም። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ «የበቆጂ ዝንብ በዘሯ ጥቁር ናት» የሚል ርዕስ ተጻፈ። ምክንያቱም ከሥሩ ተቀምጧል፦ በቆጂ ብርድ ነው፣ ጥቁር ነገር የፀሐይ ሙቀት ይስባል፣ ስለዚህ ጥቁሮቹ ተረፉ፣ ዘራቸውም በዛ። ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩም ይጥማል። መምህሩን ግን አንድ ነገር ከንክኖት ፖስተሩ ከመሰቀሉ በፊት ደወለልኝ።

ልጆቹ ከመሬት ተነስተው የተናገሩት አይደለም። ዝንቧ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች። ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቶማስ ሀንት ሞርጋን ኒው ዮርክ ውስጥ ነጭ ዓይን ያላትን ዝንብ ካገኘበት ጊዜ አንስቶ፣ የዘረመል ሳይንስ ዋና መሣሪያ ሆናለች። የትውልድ አገሯ አፍሪካ ነው። የጥንት ቅድመ አያቶቿ በዛምቢያና በዚምባብዌ አካባቢ እንደኖሩ ይታመናል። ከአፍሪካ የወጣችው ከ10,000 ዓመት በላይ በፊት ሲሆን ዛሬ ሰው ባለበት ሁሉ አለች።

የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ በዚህ ጥናት ውስጥ የታወቀ ቦታ ነው። ተመራማሪዎች ፍቼ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የያዟቸው ዝንቦች ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ ዝንቦች ጋር ተነጻጽረው በጥቁረት አንደኛ ወጥተዋል። በገላም ከዚያ በፊት ከሚታወቅ የዚህ ዝንብ ሕዝብ ሁሉ ይበልጣሉ። ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች ጋር ሲነጻጸሩ የሚጥሉት እንቁላል ቁጥሩ ያነሰ፣ መጠኑ ግን የተለቀ ነው። ብርድም ይችላሉ። ይህ ሁሉ የታየው ላቦራቶሪ ውስጥ እኩል ሙቀት ላይ ባደጉ ዝንቦች ነው። የጉዳዩ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ

የዚህች ዝንብ ቀለምና መጠን ባደገችበት ሙቀት ይለወጣል። የአንዲት እናት እንቁላሎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 18 ዲግሪ ላይ፣ ግማሾቹ 28 ዲግሪ ላይ ቢያድጉ፣ በብርድ ያደጉት ተለቅ ብለውና ጠቁረው ይወጣሉ። በሙቀት ያደጉት ያንሳሉ፣ ቢጫነታቸውም ይጎላል። ጂናቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ጂኖቹ የሚሠሩበት መጠን ነው። ለምሳሌ ታን የሚባለው፣ ለጥቁሩ ቀለም መሠራት የሚያግዘው ጂን፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ይበልጥ ይሠራል።

ስለዚህ ከበቆጂ የመጣችው ጥቁር ዝንብ ጥቁረቷ ከሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንዱ በአንድ ዕድሜ ውስጥ የሚሆን ነው፦ እጭ ሳለች በረዳት፣ ጠቆረች። ሌላው በብዙ ትውልድ የሚሆን ነው፦ ጥቁር የሚያደርጉ የጂን ዓይነቶች በቆጂ ላይ በዙ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ዝንቧን አይቶ ብቻ መለየት አይቻልም።

የበቆጂ ሰው ይህን ክርክር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚያው አካባቢ ነው። «ዘር ነው» የሚል አለ፣ «አየሩ ነው» የሚል አለ፣ «ልፋት ነው» የሚልም አለ። በሰው ላይ ይህን ለመለየት ሕፃናትን ከወላጅ ነጥቆ በአንድ ቤት ማሳደግ ሊያስፈልግ ነው፤ ማንም አያደርገውም። በዝንብ ግን ይቻላል። ርካሽም ነው።

ሌሎች ሁለት ክፍተቶችም ነበሩ። በሁለቱ ብልቃጥ ያሉት ዝንቦች አንድ ዝርያ መሆናቸውን ማንም አላረጋገጠም። ጥቁረቱን የለኩት ልጆችም የትኛው ብልቃጥ ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር።

መምህሩ ነገሩን ለክበቡ ሲነግር ያቺው የበቆጂ ልጅ «ቲቸር፣ እና ፖስተሩ ሊቀደድ ነው?» አለችው። «አይቀደድም፣ የጥያቄ ምልክት ጨምሪበት» አላት። ሥራው የቀጠለው እንዲህ ነው።

ዝንብ ማጥመድ

ሦስት ቦታ ተመረጠ፦ መተሐራ 950 ሜትር ገደማ፣ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ። ሦስቱን በአንድ ቀን መንገድ መድረስ ይቻላል። የአየር ልዩነታቸው ግን የቆላና የደጋ ነው።

ወጥመዱ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነበር። አንገቱ ተቆርጦ ተገልብጦ ይገባል፣ ውስጡ የበሰለ ሙዝ ከትንሽ እርሾ ጋር ይቀመጣል። ዝንብ ይገባል፣ መውጫው ይጠፋበታል። በቆጂ ላይ ግን ሙዙ ብዙም አልሳበም። የጠላ አተላ ሲጨመርበት ወዲያው ተሞላ። የደጋ ዝንብ ኑሮዋ ከሰው ጓዳ ጋር ነው፤ ከጥንስሱ፣ ከአተላው፣ ከምድጃው ዳር አትርቅም።

የጠላ ቤቷ ባለቤት መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። «ቤታቸው ዝንብ የወረረው ነው ልታስብሉኝ ነው?» አሉ። ልጅቷ «እማማ፣ ስምዎትንም ሰፈሩንም አንጽፍም» ብላ አሳመነቻቸው። አልተጻፈም።

ከእያንዳንዱ ቦታ የተያዙት ሴቶች አንድ በአንድ በየብልቃጡ ገቡ። የተያዘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅታ ስለምትገኝ ወንድ አትፈልግም፤ ያጠራቀመችው ዘር ይበቃታል። ከአንዲት እናት የመጣው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ተብሎ ቁጥር ተሰጠው። ይህ አሠራር ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር ያድናል። የአንዲት እናት መቶ ልጆች መቶ ማስረጃ አይሆኑም፤ የሚመሰክሩት ስለ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሰፈሩን ለመናገር ብዙ እናቶች ያስፈልጋሉ።

ምግቡ የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና እርሾ በውኃ ተበስሎ ወፈር ያለ ገንፎ ነው። ላቦራቶሪዎች የሚያረጉት አጋር በሚባል ማርጊያ ዱቄት ነው፤ ውድ ስለሆነ ዱቄቱን በመጨመር ተተካ። ሻጋታን ለመከላከል አቼቶ ጠብ ተደረገበት። ብልቃጡ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ሲሆን ክዳኑ ጥጥ በሻሽ ተጠቅልሎ ነው። ጉንዳን እንዳይወጣ የጠረጴዛው እግሮች ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ቆሙ።

ዝርያውን መለየት

ከጁስ ቤቱ ወጥመድ የወጣው ዝንብ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ጀርባቸው ላይ ነጭ መስመር ያላቸው ዛፕሪዮነስ የሚባሉት ወዲያው ተለዩ፤ እነሱን ሕፃን ልጅም ያውቃቸዋል። አስቸጋሪዋ ድሮሶፊላ ሲሙላንስ ናት። የሜላኖጋስተር የቅርብ ዘመድ ስለሆነች ሴቶቹን በዓይን መለየት ባለሙያንም ያደክማል።

መፍትሔው ወንዶቹን ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወንድ ልጅ ተወስዶ በረዶ ላይ እንዲደነዝዝ ይደረጋል፤ በረዶው ከዚያው ከጁስ ቤት የመጣ ነው። ከዚያ በጀርባው ተጋድሞ የሆዱ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እዚያ ላይ በሁለት ወገን ትንሽ ቅስት አለች። በሲሙላንስ ቅስቷ ሰፊና ክብ ናት፣ ብርሃን ሲመታት ጎልታ ትታያለች። በሜላኖጋስተር ጠባብና ቀጭን ናት፤ ካልፈለጓት አትታይም። አንድ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

ከአዳማ ቤተሰቦች የተወሰኑት ሲሙላንስ ሆነው ተገኙና ወጡ። ፖስተሩ ላይ የነበረው ንጽጽር በከፊል የሁለት ዝርያ ንጽጽር ነበር ማለት ነው። ይህ ብቻውን ፖስተሩን ሳይሰቅሉ ለማዘግየት በቂ ምክንያት ይሆን ነበር።

አንድ ዓይነት አየር መፍጠር

ትምህርት ቤቱ ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚያቆይ ሳጥን፣ የለውም። ክበቡ የፎም ሳጥን ገዛ፣ አምፖል አስገባበት፣ የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ ላይ የሚገጠመውን ሙቀት መቆጣጠሪያ አስገጠመ። 25 ዲግሪ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል።

ሳጥኑ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። የአዳማ ክፍል በበጋው መጨረሻ ከ25 በላይ ስለሚወጣ ሥራው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ተደረገ፤ ያኔ ክፍሉ ቀዝቀዝ ይላል፣ አምፖሉ የጎደለውን ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጥበቃው ሠራተኛ ሳጥኑን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ጀሪካን ከጎኑ ያስቀምጡ ነበር። ልጆቹ «ጋሼ ኢንኩቤተር» ይሏቸዋል። ያለ እሳቸው ይህ ጥናት የለም።

ለቅዝቃዜው ፍሪጅ አላስፈለገም፤ በቆጂ ራሷ አለች። ከሦስቱም ቦታ ቤተሰቦች የተከፈሉ ብልቃጦች በልጅቷ ወላጆች ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። እዚያ ዕድገቱ ይንቀራፈፋል። 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ወደ 12 ዲግሪ ሲጠጋ ጭራሽ ሊቆም ይደርሳል።

ሌላው ጥንቃቄ ትውልድ መዝለል ነው። እናት የኖረችበት ሁኔታ በእንቁላሉ መጠንና ይዘት ለልጅ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ትውልድ ሳጥኑ ውስጥ ካለፈ በኋላ የወጡት ብቻ ተለኩ። ከቸኮሉ የሚዘለለው ይኼኛው እርምጃ ነው፤ ልጆቹም በጣም ቸኩለው ነበር።

ልኬቱ በሴቶች ላይ ብቻ ሆነ። የወንዱ የሆድ ጫፍ በየትም ቢያድግ ስለሚጠቁር አያነጻጽርም። የሴቷ የመጨረሻ የሆድ ቀለበቶች ግን ከቢጫ እስከ ሙሉ ጥቁር ይለያያሉ። መምህሩ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ የቀለም ካርድ አተመ። የብልቃጡ ቁጥር በፕላስተር ተሸፈነ፤ ለኪው ከየት እንደመጣች አያውቅም።

የሠራው

በ25 ዲግሪ የመተሐራና የአዳማ ሴቶች ልዩነት አላሳዩም። የበቆጂዎቹ አሁንም ጠቆር ይሉ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ ከጠላ ቤት ተይዘው ሲመጡ ከታየው በጣም አነሰ። ቁጥሩ ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ልኬት የበለጠ ጠበበ። ዓይን የሚፈልገውን ያያል።

ከበቆጂ ክፍል የመጡት ብልቃጦች ሲከፈቱ ክርክር ተነሳ። የመተሐራ ቤተሰብ የሚል ቁጥር ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሆዳቸው ጠቁሮ ተገኘ። ሁለት ልጆች ቁጥሩ ተቀያይሯል ብለው ማሉ። መዝገቡ ሲታይ አልተቀያየረም። የቆላ ዝንብ ልጆች ደጋ ላይ ስላደጉ ነው የጠቆሩት። የበቆጂዎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ከእነሱም አልፈው ጠቁረዋል። እኔ ለልጆቹ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ልሰጥ አልችልም ነበር።

እንግዲህ መልሱ ሁለቱም ነው። ትልቁ ድርሻ ያደጉበት አየር፣ የቀረው የዘር።

የበቆጂ ቤተሰቦች እርስ በርሳቸውም አንድ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ከአዳማዎቹ አይለዩም። የኔ ግምት፣ ግምት ነው፣ አይሱዙው ነው። በገበያ ቀን ሙዝና ማንጎ ከቆላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዝንቡም አብሮ ይሳፈራል። አየሩ ጥቁሮቹን እያበዛ፣ መኪናው ቢጫዎቹን እየጨመረ ሊሆን ይችላል። የመተሐራና የአዳማ አንድ መምሰልም በዚሁ ሊገለጽ ይችላል።

«በዚህች ቅርብ ቦታ እንዴት ዘር ይለያል?» የሚል ጥያቄ ከክበቡ ተነስቶ ነበር። ዝንብ በዓመት ውስጥ ብዙ ትውልድ ታሳልፋለች፣ ስለዚህ ለውጡ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይታያል። ድሮሶፊላ ሱብኦብስኩራ የምትባለው የአውሮፓ ዘመዷ አሜሪካ የገባችው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። ሰሜን አሜሪካ ላይ በሁለት አሥርት ዓመት ውስጥ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ክንፏ እየሰፋ የሚሄድ ሆነ፣ ልክ አውሮፓ ላይ እንዳለው። አውስትራሊያ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ደግሞ በሜላኖጋስተር አልኮልን የሚፈጨው ጂንና ከአየር ጋር የተያያዘ አንድ የተገለበጠ የክሮሞሶም ክፍል በ20 ዓመት ውስጥ ሥርጭታቸው ተንሸራቷል። የሽግሽጉ መጠን ሲሰላ 4 ዲግሪ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት መለኪያ) ወደ ሞቃቱ የአገሪቱ ክፍል እንደመቅረብ ነው።

የተገለበጡ ክፍሎች ለኛም አገር ይመለከታሉ። ክሮሞሶም ውስጥ አንድ ረጅም ክፍል ተገልብጦ ሲቀመጥ በውስጡ ያሉ ጂኖች ሳይበታተኑ አብረው ይወረሳሉ። ብርድ የለመዱት የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ደጋ ዝንቦች ከቆላ ዘመዶቻቸው ያነሰ የተገለበጠ ክፍል እንዳላቸው ታውቋል። ክበቡ ይህን ሊያይ አይችልም። ቢሆንም ለምን ከፍታ እንደ ኬክሮስ እንደሚሠራ ለማስረዳት ጠቅሟል።

ማዳቀሉም ሠርቷል፣ በጠዋት መነሳት ቢጠይቅም። አዲስ የወጣች ሴት 25 ዲግሪ ላይ ለ8 ሰዓት ገደማ ወንድ አትቀበልም። ብልቃጡ ጠዋት ይራገፋል፣ ከዚያ በኋላ የወጡት ሴቶች ሰዓታቸው ሳያልፍ ይለያሉ። ከጥቁር የበቆጂ ቤተሰብና ከቢጫ የመተሐራ ቤተሰብ የተገኙት ልጆች ቀለማቸው መሃል ላይ ወደቀ። የልጅ ልጆቹ ሲወጡ ተማሪዎቹ ሦስቱ አንድ ቀለም፣ አንዱ ሌላ ቀለም ይሆናል ብለው ጠበቁ፤ መጽሐፉ ላይ የተማሩት የዘር ውርስ ሕግን ያገኘውን የሜንዴልን ሦስት ለአንድ ነው። የወጣው ግን ከቢጫ እስከ ጥቁር በየደረጃው የተበተነ ነው።

አንድ ተማሪ «ሜንዴል ተሳስቷል» ብሎ ጮኸ። አልተሳሳተም። የሆድ ቀለም በአንድ ጂን አይወሰንም። ቢያንስ ኢቦኒ፣ ታን፣ የሎውና ባብ የሚባሉት እጃቸው አለበት። ኢቦኒ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ወደ ቢጫ ቀለም መንገድ ይመራዋል፤ ሥራው ሲቀንስ ጥቁር ይበዛል። ታን የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። እያንዳንዱ ጂን ለብቻው ሜንዴል እንዳለው ይወረሳል፣ ሲደመሩ ግን ደረጃ ይሠራሉ።

ያልሠራው

የብርድ ፈተናው አልተሳካም። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ዝንቦች በረዶ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣሉ፣ ደንዝዘው ይወድቃሉ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ወጥተው እስኪቆሙ ድረስ በሰዓት ይለካል። የብርድ አገር ዝንብ ቶሎ ትቆማለች ተብሎ ይጠበቃል። እዚህ ግን በረዶው እየቀለጠ ብልቃጡን አላበው፣ አንዳንዶቹ ከግድግዳው ውኃ ጋር ተጣበቁ። ዕድሜያቸውም አልተስተካከለም። «ቆመች» የሚለውን አንዱ ለኪ እግሯን ስታነሳ ይቆጥራል፣ ሌላው ስትራመድ። ውጤቱ ተጣለ። ቢደገም በደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ዕድሜ ዝንቦች፣ በአንድ ሰው ዓይን መሆን አለበት።

የገላ መጠን ልኬት ግማሽ ልብ ሆኖ ቀረ። ክንፍ በማይክሮስኮፕ ላይ በስልክ ፎቶ ተነሳ። ነገር ግን ብልቃጥ ውስጥ እጭ ሲጨናነቅ ዝንቡ ያንሳል፤ የእንቁላል ቁጥር አልተመጠነም ነበርና መለየት አልተቻለም።

ሦስተኛው ውድቀት ግን ከስኬቱ የበለጠ አስተምሯል። የሙቀት መለኪያው ገመድ ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። መቆጣጠሪያው ሳጥኑ የቀዘቀዘ መስሎት አምፖሉን አላጠፋም፣ ውስጡ ከ30 ዲግሪ በላይ ወጣ። ሲደረስበት ዝንቦቹ በሕይወት ነበሩ፣ ይበራሉ፣ ይዳራሉ። ሁሉም ሰላም መሰለ። ቀናት አለፉ፣ ገንፎው ላይ አንድም እጭ የለም።

የሜላኖጋስተር ወንድ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ሲያድግ ይመክናል። ወደ ቀዝቃዛ ሲመለስ ቀስ በቀስ ሊያገግም ይችላል። ከሞቃት አገር የመጡ ሕዝቦች ይህን ገደብ በትንሹ ያልፉታል። ዝንብን የሙቀት ገደቧ የሚይዛት ከመሞቷ በፊት በመውለዷ ላይ ነው ማለት ነው። «ሙቀት ይገድላል» ብሎ የሚጀምር ጥናት ይህን አያየውም።

መምህሩ በዚያ ሳምንት የሪቶሳን ታሪክ ነገራቸው። ፌሩቾ ሪቶሳ ጣሊያናዊ የዘረመል ተመራማሪ ነበር። ኢንኩቤተሩ ባልታሰበ ሁኔታ ሙቀቱ ጨምሮ፣ የዝንብ እጭ ክሮሞሶም ላይ ያልተለመዱ እብጠቶች አየ። በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በሙቀት ጊዜ የሚነቁት ጂኖች፣ ሴልን ከሙቀት ጉዳት የሚጠብቁት ፕሮቲኖች ሁሉ የተገኙት ከዚያ በመነሳት ነው። የኛው ሳጥን እንዲህ ያለ ነገር አላስገኘም፣ ግን ልጆቹ ብልቃጡን ከመድፋታቸው በፊት መዝግበውታል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

«ዘሩ ነው» ለማለት መጀመሪያ አየሩን እኩል ማድረግ ግድ ነው። ይህ ለዝንብ ብቻ አይደለም። ከበቆጂ የመጣ ገብስ፣ ከደጋ የመጣች በግ፣ «ምርጥ» ተብላ የተገዛች ዶሮ፣ ሁሉም ያደጉበትን ቦታ ይዘው ነው የሚመጡት። በአንድ ማሳ፣ በአንድ መኖ፣ ቢቻል ለሁለት ትውልድ ካልታዩ የተገዛው ዘር ይሁን የባለቤቱ ውኃና እንክብካቤ አይታወቅም። ገበሬው ይህን በልምድ ያውቀዋል፤ ሻጩ ነው የሚረሳው።

ተቃራኒውም እኩል ስህተት ነው። ልጆቹ አንድ ሰሞን «እንግዲያው ሁሉም አየር ነው» ወደሚለው ዞረው ነበር። በ25 ዲግሪ የቀረችው ትንሽ ልዩነት ግን አልጠፋችም፣ በድቀላም ተላልፋለች። አንድ ባሕርይ በአየር መለወጡ የዘር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም።

የጂን ስም መጥራት ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። አዲሱ ፖስተር ላይ «ምክንያቱ ኢቦኒ ጂን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊገባ ነበር፤ ኡጋንዳ ላይ እንዲህ ስለተገኘ። እዚያ የተለወጠው የጂኑን ሥራ የሚቆጣጠረው የዲኤንኤ ክፍል ነው። በኋላ የኢትዮጵያ፣ የካሜሩንና የኡጋንዳ ጥቁር ዝንቦች ሲመረመሩ ግን ወደ ጥቁረት የደረሱበት የዘር መንገድ የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። የጎረቤትን ጂን ተበድሮ መጻፍ አይቻልም። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ።

የምክንያቱ ነገርም እንዲሁ። «ጥቁር ሙቀት ስለሚስብ ነው» የሚለው ያምራል። በአፍሪካ ዝንቦች ላይ በተሠራው ንጽጽር ግን ጥቁረቱ ከቅዝቃዜ ይልቅ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ይበልጥ ተያይዞ ታይቷል። ደጋ ላይ ሁለቱም አብረው ስለሚገኙ በቆጂን አይቶ መለየት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ዝም ማለት ያዋጣል። አዲሱ ፖስተር ስለ ምክንያቱ ምንም አይልም፤ ዳኞቹ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረውት ነጥብ ቀንሰዋል። እኔ ብሆን እጨምርለት ነበር።

ቤተሰቦቹ ከሰኔ በፊት እንዲያልቁ ተደርጓል። በክረምት ምግብ የሚቀይር ሰው የለም። ቢኖርም ብልቃጥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ዘር ለገንፎውና ለሳጥኑ ይለምዳል፣ በቆጂነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለሚቀጥለው ዙር ዝንቡ እንደገና ከየቦታው ይያዛል። በመተሐራ ፋንታ አሰላ ይገባል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአዳማና በበቆጂ መካከል ያለውን ትሞላለች። የእንቁላሉ ቁጥር በየብልቃጡ ይመጠናል። የመለኪያው ገመድ ደግሞ በፕላስተር ታስሯል።